የዓሣ ጫጩት ምን ይበላል?

ከሸዋሮቢት አልፈው ጀውሃ ሲደርሱ የሚቀበልዎት ሙቀቱ ነው። እዚያ ያለ አንድ ወጣት ዘመዴ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ ሠርቶ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል፤ ዓሣ ለማርባት ምን ይጠየቃል?» አለኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መኖሩን ነገርኩትና ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መራሁት። ቀጥዬ ጫጩቶቹን ምን ሊያበላቸው እንዳሰበ ጠየቅሁት። «ፍሩሽካ!» አለ። ይህን ጽሑፍ የወለደው ይኸው መልስ ነው።

ባሕር ያላቸው አገሮች የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነውን ኦይስተር በቤት ውስጥ ሲያሳድጉ አስቀድመው በማጠራቀሚያ የሚያበቅሉት ዓይን የማያየውን አልጌ ነው። እኛ ከ1985 ዓ.ም ወዲህ ባሕር የለንም፤ ሕጉ ግን ለወንዝና ለሐይቅ ዓሣም ያው ነው። የውጭ ኩሬ ፍግ ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆኖ ራሱ ምግብ ያበቅላል። የቤት ውስጥ ገንዳ ውሃ ግን ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ማለት ደግሞ ባዶ ማለት ነው። ጫጩቱ የሚኖረው በአሳዳጊው እጅ ብቻ ነው።

ቆሮሶ፦ እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ትይዛለች። አስኳሉ ሲያልቅ ጫጩቱ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ዱቄት ይቀበላል። ዱቄቱ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ ለትልቅ ዓሣ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። ፍሩሽካ ብቻውን ፕሮቲኑ ያንሳል፤ ከኑግ ፋጉሎና ከአኩሪ አተር ጋር ቢቀላቀል ይሻላል።

አምባዛ፦ ከተፈለፈለ በ3 ቀን ገደማ አስኳሉን ይጨርሳል። የሚሻለው ሕይወት ያለው ምግብ ነው፤ በጨው ውሃ የሚፈለፈለው አርቴሚያ የተባለ ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመድ ለዚህ ይውላል። ከተራበ ወንድሙን ይበላል።

ማብዛትም እንደ ማሳነስ ይገድላል። የተረፈው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይፈጥራል፣ ኦክስጅን ይጨርሳል። የሞቀ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ ለይፋት ቆላ ጉዳዩ ይብሳል። በየማለዳው ከሥር ያለውን ዝቃጭ በቀጭን ጎማ መሳብ ይገባል። ጫጩቶቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ከታዩ ምግቡን ማቆምና ውሃውን መለወጥ ነው።

ለዘመዴ የመከርኩት፣ በመጀመሪያው ዙር ከእንቁላል እንዳይጀምርና ይህን አስቸጋሪ ዕድሜ ያለፉ ጫጩቶችን እንዲገዛ ነው። በሰበታ ብሔራዊው፣ በባሕር ዳርም የክልሉ የዓሣ ምርምር ማዕከላት አሉ፤ ጠይቆ መነሣት አይከፋም።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። የዓሣ ጫጩት ግን አይናገርም፤ ሲራብ አይጮህም፣ ክስም አይመሠርትም። ፍርዱን የሚያነቡት ማለዳ፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነው።