ቆላ ወይስ ደጋ፤ ስለ አስም ሕመምና አየርን ስለ መለወጥ

ጥሊሊ በጐጃም በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ዝናሟ ብዙ፣ ብርዷም ጽኑ ነው፤ የዓባይ ምንጭ ግሽም ከርሷ ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር ደረቱ ታፍኖ፣ እስትንፋሱ እንደ ዋሽንት እያፏጨ፣ ሌሊቱን በመከዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ሰው በተገኘ ጊዜ ከጎረቤት የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፤ «የጎዳህ ብርዱ ነውና ቆላ ውረድ» ይሉታል። ምክሩ ለሚሰጠው ቀላል ነው፤ ለሚቀበለው ግን እርሻውን፣ ከብቱንና ፈረሱን፣ የአባቶቹንም መቃብር ትቶ መሄድ ነው። ቆላም የወባ አገር ስለ ሆነ ከትንፋሽ ሕመም ሸሽቶ በንዳድ የሚወድቅ አይጠፋም። እንግዲህ አየርን መለወጥ በእውነት ያድናልን? ይህ ጥያቄ የጥሊሊ ብቻ አይደለም፤ ከ800 ዓመት በፊት በግብፅ፣ ኋላም በስኮትላንድ፣ በለንደንና በስዊስ ተራሮች ተጠይቆ ነበር። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስም የሚለው ስም ከግሪኮች የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ቁና ቁና መተንፈስ ማለት ነው። ሕመሙ ሲነሣ በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቧንቧዎች ሁለት ነገር ያገኛቸዋል። አንደኛ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኰማተራል፤ ሁለተኛ ውስጣቸው ያብጣል፣ በአክታም ይደፈናል። ስለዚህ ሕመምተኛው አየሩን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱ ያስጨንቀዋል። መኰማተሩ በደቂቃ ሊፈታ ይችላል፤ እብጠቱ ግን ለቀናት ይቈያል። አንባቢው ይህን ልዩነት በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ የመድኃኒቱ ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የሚዞር ነውና።

በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በላስታ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን አካባቢ፣ በግብፅ ሙሴ ወልደ ማይሞን የሚባል እስራኤላዊ ሐኪም ነበረ። በ1138 በኮርዶባ ተወልዶ በ1204 ያረፈ ሲሆን፣ በሕግ መምህርነቱ ከሐኪምነቱ ይልቅ የታወቀ ነው። ይህ ሰው በ1190 አካባቢ በትንፋሽ ሕመም ለሚሠቃይ አንድ ትልቅ መኰንን ስለ አስም ብቻ አንድ መጽሐፍ በዐረብኛ ጻፈለት። ከፍ ያለ መድኃኒት ይጠብቅ የነበረው መኰንን በመጽሐፉ ያገኘው የኑሮ ሥርዓት ነበር፤ መብልን መመጠን፣ እንቅልፍን ማስተካከል፣ ቍጣንና ኀዘንን መግታት የሚል ነው። ስለ አየርም የከተማን አየር ከበረሃ አየር ጋር ሲያስተያየው አንዱን እንደ ደፈረሰ ውኃ፣ ሌላውን እንደ ጠራ ውኃ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ጠቢብ ነበረና ሰው ሁሉ ከተማውን ጥሎ መሄድ እንደማይችል ያውቃል። መሄድ ያልተቻለው በከተማው ዳር፣ ከፍ ባለ ፎቅ፣ ፀሓይና ነፋስ በሚገባበት ቤት ይኑር ብሎ መከረ። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው አገርን ከመለወጥ አጠገብ ቤትን የመለወጥ ምክር ተጽፎ ነበር፤ ከርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ፊተኛውን እንጂ ኋለኛውን አላሰቡትም።

ከዚህ በኋላ በ1552 የሆነው ነገር ለካህናት በተለይ የሚሰማ ነው። የስኮትላንዱ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ሐሚልተን በአስም እጅግ ተጨንቆ ሳለ፣ ካርዳኖ የሚባለው የኢጣልያ ሐኪም አውሮጳን አቋርጦ እስከ ኤዲንብራ ሄደለት። ካርዳኖ በሽተኛውን ቀርቦ ኑሮውን ቀን በቀን ከመረመረ በኋላ ከሌሎቹ ትእዛዞች ጋር የላባ ፍራሹንና ትራሱን ከአልጋው እንዲያስወጣ አዘዘ። ሊቀ ጳጳሱም ተሻለው። አገሩን አልለቀቀም፤ የለቀቀው መኝታውን ነው። (የኋላው ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነው፤ ከሕመሙ ተርፎ በ1571 በመንግሥት ጠብ ምክንያት ተሰቀለ።) በዚያን ዘመን ላባ ሳንባን የሚጎዳበት ምክንያት አይታወቅም ነበር። ሐኪሙ ግን የማያውቀውን ምክንያት ሳይጠብቅ ያየውን ነገር አመነ።

በ19ኛው መቶ ዓመት በለንደን ሄንሪ ሃይድ ሶልተር የሚባል ሐኪም ተነሣ። እርሱ ራሱ አስም ነበረበት፤ በ1860 ያሳተመው መጽሐፍም በሕመምተኛ ሐኪም እጅ የተጻፈ ስለ ሆነ ዛሬም ይጠቀሳል። ሶልተር የበሽተኞቹን ነገር በዝርዝር መዝግቧል። አንዱ ድመት በቀረበች ጊዜ ይታፈናል፤ ሌላው ድርቆሽ ሲታጨድ ይታመማል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ስለ አየር የጻፈው ነው። አንዳንድ ሰዎች በባላገር ንጹሕ አየር ሲታፈኑ ኖረው፣ በጢስና በጉም ወደ ተሸፈነችው ወደ ለንደን መካከል በገቡ ጊዜ ዳኑ። ሌሎቹ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኑ። በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው በመሄድ ብቻ የተሻለው ሰው ነበረ። ሶልተር ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለአስም የሚሆነውን አየር አስቀድሞ የሚናገር ሕግ የለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው በመሞከር ይታወቃል እንጂ አለ። ይህ ቃል በእንጅባራና በጥሊሊ መንገድ ላይ ቤቱን ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ሳይሸጥ አስቀድሞ ጥቂት ወር ሄዶ ቢቀመጥ ይሻለዋልና።

ይኸው ሶልተር ከመድኃኒቶች ሁሉ አብልጦ ያመሰገነው ቡና ነው! ወፍራም ጥቁር ቡና፣ ያለ ወተት፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ እንደ ሆነ ትንፋሹን ይከፍታል ብሎ ጻፈ። ከኢትዮጵያ ደን የወጣችው ፍሬ በለንደን የሐኪም ትእዛዝ ሆነች። ነገሩም ተረት አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ከሻይ ቅጠል በ1888 ተለይቶ የወጣው ቴኦፊሊንም ዘመዳሞች ናቸው፤ ቴኦፊሊን በ1922 በጀርመን ለአስም ተሰጠ፤ ከዚያም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በዓለም ሁሉ ሲታዘዝ ኖረ። የቡናው ኀይል ግን ደካማ ስለ ሆነ ከባድ ሕመም በተነሣ ጊዜ በእርሱ መተማመን ጊዜን ማጥፋት ነው። ከቡናው ጋር የሚታጠነው ዕጣንና የከሰሉ ጢስም ቡናው የከፈተውን መልሶ ሊዘጋ ይችላል።

ሌላው የዚያ ዘመን መድኃኒት በኢትዮጵያ አጠፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው ቅጠል ነው። እንግሊዞች ጢሱን ስበው መታከምን በ1802 አካባቢ ከሕንድ ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የአስም ሲጃራ እየተባለ በአውሮጳ ሲሸጥ ኖረ። ቧንቧን የሚፈታ ኀይል በእውነት አለው። ነገር ግን ሰውን የሚያሳብድና የሚገድል መርዝ ስለ ሆነ መጠኑን ማንም በቤቱ ሊለካው አይችልም።

ወደ አየር ነገር እንመለስ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በስዊስ አገር 1560 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ዳቮስ የሳንባ ሕመምተኞች መሸሸጊያ ነበረች። አስም ያለባቸው ሕፃናት ወደዚያ ሲወጡ ይሻላቸዋል፤ ወደ ዝቅተኛው አገር ሲመለሱ ግን ሕመሙ ይመለሳል። በሆላንድ በላይደን ከተማ ስቶርም ቫን ሌዉወን የሚባል ሐኪም በ1920ዎቹ ምክንያቱን ሲፈልግ፣ የተራራውን አየር በአንድ ክፍል ውስጥ ለመሥራት አሰበ፤ አቧራው የተጣራ አየር የሚገባበት ክፍል ሠርቶም በሽተኞችን አስተኛበት። ብዙዎቹም ተሻላቸው። እንግዲህ የተራራው ምስጢር በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩም በዚያችው በላይደን በ1964 ተገለጠ፤ በዐይን የማትታይ፣ በፍራሽና በምንጣፍ አቧራ ውስጥ የምትኖር ጥቃቅን ፍጥረት ናት። ይህች ፍጥረት ርጥበት ካላገኘች አትኖርም፤ የዳቮስ ቤቶች ግን ብርዳምና ደረቅ ናቸው። ካርዳኖ በሊቀ ጳጳሱ አልጋ ላይ ያየውን ነገር 400 ዓመት ቈይቶ ሌላ ሰው አስረዳው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ሁለት ወገን ያለው ነው። ደጋን ጠላት የሚያደርገው ሰው ተሳስቷል፤ በከፍታ ላይ የዳኑ ብዙዎች አሉና። ደጋ ሁሉ ዳቮስ ነው የሚልም ተሳስቷል፤ የአገው ምድር ደጋ ዝናም የሚበዛበት ርጥብ አገር ነው፤ በክረምት የቤቱ ግድግዳ ይረጥባል፤ በቍርበትና በፍራሽ ሥር ሻጋታ ይበቅላል።

የአዲሱ መድኃኒት ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። አድሬናሊን በ1901 ተለይቶ ወጣ፤ በ1903 ለአስም በመርፌ ተሰጠ። ቻይናውያን ከጥንት የሚያውቁት ቅጠል ያለው ኤፌድሪን በ1924 በአውሮጳና በአሜሪካ ታወቀ። በ1955 በአሜሪካ የአንድ መድኃኒት ሠሪ ኩባንያ አለቃ ልጅ፣ አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጅ፣ መድኃኒቱ እንደ ጠጕር ሽቶ ከዕቃው ለምን አይረጭም ብላ አባቷን ጠየቀችው፤ በሚከተለው ዓመት በ1956 ሕዝቡ ዛሬ «ፓፍ» የሚለው ዕቃ ተሸጠ። የሕፃን ጥያቄ የስንቱን ሰው ኪስ ሞላ!

ደስታው ግን ሳይነካ አልቀረም። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በሌሎች ጥቂት አገሮች በአስም የሚሞቱ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ ቍጥራቸው በድንገት ጨመረ። ብርቱ የሆነው የሚረጭ መድኃኒት በየእጁ ነበረ፤ በሽተኛው ደጋግሞ እየረጨ በማስታገሻው ታምኖ ወደ ሐኪም መሄድን ያዘገይ ነበር። ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ ሞቱ ቀነሰ፤ ምክንያቱ መርዝነቱ ነው ወይስ መዘግየቱ በማለት ሊቃውንት ብዙ ተከራከሩ። ሆኖም የተማሩት አንድ ነገር አለ። ማስታገሻው መኰማተሩን ይፈታል፤ እብጠቱን ግን አይነካም። በ1969 ለልብ የሚሻል ሳልቡታሞል ወጣ፤ በ1972 ደግሞ እብጠቱን ራሱን የሚያበርደው የሚነፋው ቤክሎሜታሶን ተከተለ። ሁለተኛው ወዲያው እፎይ አያሰኝም፤ ስለዚህ ብዙ በሽተኛ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱም በዚህ ነው። የዓለም የአስም ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ ለጎልማሶችና ለወጣቶች ማስታገሻ ብቻ መስጠት ይቅር አለ፤ በ1960ዎቹ የተጻፈው ትምህርት እስኪጸና ድረስ 50 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ለጽኑ አስም በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንት የሚወጋ መርፌ ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን ለባለጠጋ አገር ሰው እንኳ የሚከብድ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ከ12000 በላይ ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ1997 ታተመ። በከተማው ከመቶው 3.6፣ በገጠሩ ግን 1.3 የሚሆኑት አስም አለባቸው ተባለ። በ2001 የታተመ ሌላ ምርመራም በዚያው በጅማ የሆድ ትል ያለበት ሰው ትንፋሹ የሚያፏጭበት ጊዜ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በእንግሊዝ ይህን ሰምተው ትሉን ራሱን ለበሽተኞች እስከ መስጠት ደረሱ፤ በ2010 የታተመው ፍሬ ግን ይህን ያህል የሚጠቅም አልሆነም። እንግዲህ ባላገር መሆን ለአስም ምክንያት አይደለም፤ ከገጠር ወደ ከተማ መግባትም በራሱ አያድንም።

የያዘውን ሰው የሚቀሰቅስበት ነገር ግን ሌላ ነው፤ ይህም በጥሊሊ አጠገብ ያለ ነው። ጉልቻው ባለበት ጐጆ ጢስ መውጫ የለውም፤ ሴቶችና ሕፃናት ከርሱ ጋር ይውላሉ። በአዊ ምድር ደከረንስ የሚባለው ግራር ተተክሎ ገንዘብ ስለሚያመጣ በየማሳው ከሰል ይከሰላል፤ ጢሱም ሌሊት በሸለቆው ላይ ይተኛል። በውቂያ ጊዜ የገብሱ ብናኝ፣ በማጀት የዱቄቱ፣ በጋጣ የፈረሱ ጠጕር አለ። ካህን ሆኖ አስም ያለበት ሰው በተዘጋ ቤተ መቅደስ ውስጥ ማዕጠንት ይዞ ሲያጥን የሚያገኘውን ጭንቅ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው። ወደ ግሽ ጠበል የሚሄደውም በሽተኛ መድኃኒቱን ከቤት ጥሎ መሄድ የለበትም፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ሌላ ሕመም ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስረድተዋል። ስለዚህ የጥሊሊ ሰው እርሻውን ከመሸጡ በፊት ከሁሉ አስቀድሞ ሊለውጠው የሚችለው አየር የገዛ ጐጆው አየር ነው፤ ማድ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ መሥራት፣ ጣራውን ለጢስ መክፈት፣ ቍርበቱንና ፍራሹን ፀሓይ ላይ ማስጣት ቆላ ከመውረድ ያነሰ ወጪ ነው።

መድኃኒቱንም መሳብ የማይሆንለት ሕፃን ሲኖር መድኃኒቱ በምላሱ ላይ ይቀራል እንጂ ሳንባው አይደርስም። ለዚህ የተሠራው የሐኪም ዕቃ ውድ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ሐኪሞች ግማሽ ሊትር የሚይዘውን የውኃ ፕላስቲክ ሞከሩት፤ ይኸውም ሕዝቡ «ሃይላንድ» እያለ በየመንገዱ የሚጥለው ነው። በ1999 እንደ ጻፉትም ከውዱ ዕቃ ያላነሰ ሆኖ ተገኘ። በግርጌው በፓፉ አፍ ልክ ቀዳዳ ይበጃል፤ አየር እንዳያሾልክ ዙሪያው በማጣበቂያ ይደፈናል፤ ፓፉ በዚያ ገብቶ ይጫናል፤ ሕፃኑም አፉን በፕላስቲኩ አፍ ላይ ገጥሞ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።