ሜካኒካል ኪቦርድ፦ በሦስት ቋንቋ ለሚጽፍ እጅ ስዊች ስለ መምረጥ

ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በለውዟና በግመል ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራ ወረዳ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞንም በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞንም ይገኛል። በዚህ አካባቢ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ደብዳቤ ሊያዘጋጅ ይችላል። ሁለቱ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ሦስተኛው በግዕዝ ፊደል። ሦስቱም የሚያልፉት ግን በአንድ ኪቦርድ ነው።

በየቢሮውና በየኮምፒውተር ማእከሉ የሚገኘው ኪቦርድ በአብዛኛው ሜምብሬን የሚባለው ዓይነት ነው። በቁልፎቹ ሥር አንድ ወጥ የጎማ ንጣፍ አለ፤ ጣት ሲጫን ጎማው ይጎብጥና ከታች ያሉትን ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች ያገናኛል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጎማው ሲደክም ቁልፉ ይደነዝዛል፣ ያንን አንድ ቁልፍ ለይቶ መጠገንም አይቻልም። በሜካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው። ስዊቹ ትንሽ ቤት ነው፤ በውስጡ የብረት ሞላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ግንድና ሁለት የብረት መገናኛዎች ይዟል። አንዱ ቢበላሽ እሱ ብቻ ይለወጣል።

ዛሬ የአብዛኞቹ ስዊቾች አርአያ የሆነው የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበው ኤምኤክስ የተሰኘው ስዊች ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ካበቃ በኋላ ጌተሮን፣ ካይልና አውቴሙን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች ተመሳሳዩን እየሠሩ ዋጋውን አውርደውታል። ስዊቾቹ የሚለዩት በቀለማቸው ነው። ቀዩ ከላይ እስከ ታች ያለ አንዳች መሰናክል ይወርዳል፤ ለመሥራት 45 ሴንቲኒውተን ገደማ ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህም የ46 ግራም ክብደት ያህል ነው። ቡናማው መሐል መንገድ ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለው ቁልፉ መሥራቱን ጣት ያውቃል፤ ጉልበቱም 55 ነው። ሰማያዊው ጉብታም ጩኸትም አለው፤ 60 ይጠይቃል። በቼሪ ስዊች ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚጻፈው ግን ግማሽ መንገድ ላይ፣ በ2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ እስከ ወለሉ መደብደብ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ሰማያዊውን የመረጠ ሰው በጋራ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ከጎረቤቶቹ ጋር ሰላም አይኖረውም። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው በእኔ ግምት ቡናማው ይሻላል፤ የለመደ ጣት ግን በቀዩ ይፈጥናል።

በባቢሌና በአካባቢዋ ከቀለሙ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው አቧራ ነው። ለለውዝ የሚስማማው ያ አሸዋማ አፈር ነፋስ ሲነሣ በየመስኮቱ ይገባል። ሁለት የብረት መገናኛዎች ሲነካኩ በተፈጥሯቸው ለቅጽበት ይንቀጠቀጣሉ፤ የኪቦርዱ ፕሮግራም ይህን ለማጣራት 5 ሚሊሰከንድ ያህል ይታገሣል። በመገናኛዎቹ መሐል አቧራ ሲገባ ወይም ብረቱ ሲያረጅ ግን መንቀጥቀጡ ከዚያ በላይ ይረዝምና አንድ ጊዜ የተነካ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ግድፈት ወዲያው ዐይን ውስጥ ይገባል። በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ግን ረጅም አናባቢ የሚጻፈው ፊደሉን በመደገም ስለሆነ ስሕተቱ ሌላ ትክክለኛ ቃል ሊሆን ይችላል። በአፋን ኦሮሞ «ቦና» በአንድ «ኦ» ሲጻፍ ዝናብ የሌለበት ደረቁ ወቅት ነው፤ በሁለት ሲጻፍ ኩራት ይሆናል። ስለ ድርቅ በሚጻፍ ሪፖርት ውስጥ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምም ሁለቱንም ቃላት ስለሚያውቃቸው ስሕተቱን አይቶ ያልፈዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መገናኛዎቹ በትንሽ ሣጥን የተከለሉበትን፣ ካይል ቦክስ የሚባለውን ዓይነት ስዊች መምረጥ ነው። ሁለተኛው የብረት ንክኪ ፈጽሞ የሌለበት ስዊች ነው፤ አንዳንዱ በብርሃን ጨረር፣ አንዳንዱ በማግኔት ይሠራል፤ የሚንቀጠቀጥ መገናኛም ስለሌለው ድርብ ምት አያስቸግረውም። ዋጋቸው ከፍ ይላል። በውጭ አገር ያሉ ወዳጆቹ ስዊችን በቅባት ማለስለስን እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል፤ እውነትም ድምፁን ያሳምረዋል። በአቧራማ ቦታ ግን ቅባት በዝቶ ሲቀባ አሸዋ ይይዛልና እጅን መሰብሰብ ያሻል። ኪቦርድ አጠገብ ለውዝ መፈልፈልም ቢቀር ይመረጣል፤ ቀዩ ልጣጭ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዩኒኮድ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በድምፅ ነው፤ ተነባቢውን ከዚያም አናባቢውን ይነካል። ስለዚህ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ይወስዳል፤ የአናባቢ ቁልፎችም ከሌሎቹ ቀድመው ያረጃሉ። በብዙዎቹ አሠራሮች እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ኘ ያሉት በሺፍት ስለሚገኙ ትንሿ ጣት ትደክማለች። እዚህ ላይ ኪውኤምኬ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራ ኪቦርድ ይጠቅማል፤ ሺፍትን ከአውራ ጣት ሥር ማዛወር ያስችላልና። በአፋን ኦሮሞ «ሁዻ» ለሚባለው ጭረት፣ ሶማሊኛም ለሚጠቀምበት፣ ቅርብ ቁልፍ መስጠትም እንዲሁ።

የሰብሳቢዎች ዐይን የሚያርፈው በአሮጌዎቹ ላይ ነው። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ሞላው ሲታጠፍ በሚያሰማው ጠንካራ ድምፅ ይታወቃል፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። በእኛ አገር ግን ከእርሱ ይልቅ ሊፈለግ የሚገባው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ችግር ከዛሬው ጋር አንድ ነበር፤ ከ200 በላይ ፊደላት፣ ጥቂት ቁልፎች። መኪናው ፊደሉን ከቁርጥራጭ ስለሚቀጣጥል መልኩ ያልተስተካከለ ነበር። ፊደሉን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ይህን ለእንስሳት ጤና ባልደረቦቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። የድሮ የጽሕፈት መኪና በየመዝገብ ቤቱ መጋዘን ወድቆ ያገኘ ሰው ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።

ለግዢ የሚወጣ ሰው ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል መሆኑን ይጠይቅ፤ ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ አንዱን ስዊች መለወጥ ባለሙያ ይጠይቃል። የስዊቹ እግር ሦስት ይሁን አምስት ከቀዳዳው ጋር መግጠሙም ይታይ። የቁልፎቹ ቆብ ከኤቢኤስ ፕላስቲክ ከተሠራ በጣት ላብ ቶሎ ያብረቀርቃል፤ ፒቢቲ የተባለው ይቆያል። ያገለገለ ከሆነ ባዶ ገጽ ተከፍቶ እያንዳንዱ ቁልፍ ሃያ ጊዜ ይነካ፤ ሃያ አንድ ፊደል የጻፈ ቁልፍ ካለ ስዊቹ መለወጥ እንዳለበት ታውቆ በዋጋው ላይ ይነገር። ቆቦቹ በሽቦ መንቀያ ተነቅለው ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይታጠባሉ፤ ፈጽሞ ሳይደርቁ አይመለሱም። ገላጣው ሰሌዳ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋል፤ በበጋ ወራት ይህ በየወሩ ቢደረግ አይበዛም።