በየትኛው በር እንግባ? የሐረር ጀጎልን በእግር ስለ ማንበብ



ከዓመታት በፊት የታሪክ ተማሪዎቼ ሐረርን ያለ አስጎብኚ በእግራቸው እየተዘዋወሩ እንዲያዩ አንድ ገጽ ካርታ አዘጋጅቼላቸው ነበር። ጉዞው ኋላ ለመኪና በተከፈተው በር ይገባና በሰፊው መንገድ ፈረስ መጋላ ይደርሳል፤ ከዚያም ስሙን ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር አድርጎ ወደ ጊድር መጋላ ያመራል። የሐረር ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ካርታውን አይቶ፣ «መምህር፣ ለምን ከመጨረሻው እንጀምራለን?» አለኝ። በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

የተማሪው ጥያቄ ትክክል ነበር። ፈረስ መጋላ ጎልቶ የሚያሳየው ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የመጣውን ሐረር ነው። በዚያ ዓመት ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ፤ በአደባባዩ ዳር የሚታየው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም የተሠራው ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ነው። ከዚህ የሚጀምር መንገደኛ የቀረውን ከተማ ሁሉ የዚህ ድል መቅድም አድርጎ ያነበዋል። ይህን ንባብ ያስተማርሁት በመጽሐፍ አልነበረም፤ በካርታው ላይ ባሰመርኋት ቀስት ነበር።

አሁን በምሥራቅ በኩል፣ በአርጎብ በሪ እንግባ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ጥንታውያን በሮቹ አምስት ናቸው። በሮቹ ከአንድ በላይ ስም አላቸው፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት ለሌላው ኤረር በር ነው፤ አስማዲን በሪ ደግሞ ሸዋ በር ይባላል። ስሞቹ ከተማዋ ከማን ጋር ትጎራበትና ትገበያይ እንደ ነበር ይናገራሉ። ስለዚህ ግንቡ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የግንኙነት መዝገብም ነው። ከበሩ በጠባቦቹ መንገዶች፣ በየሰፈሩ መስጊዶችና አዋቾች አጠገብ አልፈን፣ ጃሚዕ መስጊድን አይተን ጊድር መጋላ እንደርሳለን። ፈረስ መጋላ የመጨረሻው ይሆናል። ያን ጊዜ አደባባዩ ምን እንደ ጨመረና በምን ላይ እንደ ተተከለ ይገባናል።

ይህም ቢሆን ምርጫ ነው። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የዘለቀው የግብፅ አገዛዝ በአዲሱ መንገዴም ላይ እምብዛም አይታይም። የቦታ ስምም ብቻውን አያስተማምንም፤ «ራምቦ ቤት» የሚባለው የሕንዳዊ ነጋዴ ቤት የተሠራው ገጣሚው በ1884 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የጎብኚ ካርታ ማዘጋጀት ተራ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው የአገሩን ታሪክ የሚማረው ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ከእንዲህ ያለው ወረቀት ነው። የዘንድሮው ካርታዬ ቀስት የለውም፤ አምስቱ በሮች ብቻ ተመልክተውበታል። ተማሪዎቼ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ በሮች ገብተው ይሄዳሉ፤ በጽሑፋቸውም መጀመሪያ በየትኛው በር እንደ ገቡና ለምን እንደ መረጡት ይገልጻሉ። ያ ተማሪዬ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።