ለጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና መዘጋጀት

የጉልበት ቅየራ ስሙ ከሥራው ይገዝፋል። ሐኪሙ ጉልበቱን አውጥቶ አይጥልም። የጭን አጥንቱን የታችኛውን ጫፍና የቅልጥሙን የላይኛውን ጫፍ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ቆርጦ ብረት ያለብሳቸዋል፤ በብረቶቹ መካከልም ፖሊኢትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። ለዚህ የሚያደርሰው በአብዛኛው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚከላከለው ልም አጥንት ተበልቶ ሲያልቅ ማለት ነው። ሕክምናው አስቸኳይ ስላልሆነ ታካሚው የመዘጋጃ ሳምንታት ይኖሩታል።

ከሁሉ የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ቴሚስቶክለስ ግሉክ በ1890 እ.ኤ.አ. ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ተክሎ ነበር፤ መገጣጠሚያቸው በነቀርሳ በተጠቃ ሕሙማን ላይ ስለሞከረው ኢንፌክሽን ድካሙን መና አስቀረው። ዛሬም ጀርም ብረቱ ላይ ከሰፈረ በመድኃኒት ብቻ ማጥፋት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ አንዳንዴ የተተከለውን አውጥቶ እንደገና መሥራት ግድ ይላል። ስለዚህ የታመመ ጥርስ፣ የእግር ጣት ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን አስቀድመው ይታከማሉ። ስኳር ያለበት ሰው የደም ስኳሩን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን የኤዋንሲ ምርመራ ይሠራል፤ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ውጤቱ ከ7.5 ወይም ከ8 በመቶ በታች እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ሲጋራ የሚያጨስም ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለበት። ጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር እንዲቆይ ይደረጋል። እግርን ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት ደግሞ ንጽሕና ይመስላል እንጂ በዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ለጀርም በር ይከፍታል፤ መነሣት ያለበት ፀጉር ካለ ሆስፒታል ውስጥ በፀጉር መቁረጫ ማሽን ይነሣል።

የደም ማነስ አስቀድሞ ይመረመራል። በብረት እጥረት የመጣ ከሆነ በኪኒን ለማስተካከል ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ምርመራውን ለዋዜማው ማቆየት ዋጋ የለውም። ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይናገራል፤ ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ሲቀረው ይቆማል፤ ግን የሚያስቆመው ሐኪሙ እንጂ ታካሚው በራሱ አይደለም። ብዙዎች ከመድኃኒት የማይቆጥሩት የቤት መድኃኒትም ሊነገር ይገባል፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ በብዛት ሲወሰድ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል።

የታመመን ሰው «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት የቤተሰብ ደግነት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጎዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የፊት ጭን ጡንቻ በእጅጉ ስለሚዳከም፣ ደክሞ የገባ ጡንቻ ለማገገም ይቸገራል። ቀላሉ ልምምድ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ፍራሹ መጫን፣ ጭኑን አጥብቆ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ ነው። ሌላውን ፊዚዮቴራፒስት ያሳያል።

ቤቱም ይዘጋጃል። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሣል፤ መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት ይገጠማል፤ በርጩማው ቀርቶ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይቀርባል። በእኛ አገር ከዚህ የሚከብደው የመጸዳጃው ነገር ነው። አዲሱ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ቁጢጥ ማለት ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ የመሬት መጸዳጃ ላለው ቤት ከፍ ያለ መቀመጫ ማሠራት የግድ ነው። መንበርከክም ለብዙዎች አይመችም። ስግደት ወይም ሶላት የማይታጎልበት ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር ቀድሞ ይነጋገርበት፤ ሕመሙ ለቆት ሳለ በውጤቱ የሚያዝን ታካሚ ብዙ ጊዜ ይህ ያልተነገረው ነው።

በመጨረሻው ሌሊት ጾሙ የሚባለውን ያህል አይከብድም። የተለመደው ደንብ ምግብን ስድስት ሰዓት፣ ውኃንና ወተት የሌለበትን ሻይ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ማቆም ነው፤ ሆስፒታሉ ሌላ ካዘዘ ግን ትእዛዙ ይጠበቃል። ምርኩዝ ወይም ዎከር በቁመት ልክ ተስተካክሎ አስቀድሞ ይለመድ፤ ታካሚው ተነሥቶ እንዲራመድ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ነው።