ስለ እንግሊዝ አገር የብር ዕቃና በላዩ ስለሚቀረጸው የቤተ ዘመድ አርማ

ብር በእሳት የሚቀልጥ ስለ ሆነ ዛሬ የማዕድ ጽዋ የነበረው ነገ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ከጥንቱ የብር ዕቃ ብዙው ጠፍቷል። የእንግሊዝ አገር ሰዎች ግን በብር ዕቃቸው ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አድርገዋልና፥ የተረፈው እንደ ታሪክ መጽሐፍ ይነበባል።

ፊተኛው የመርማሪዎች ምልክት ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1300 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ሕግ፥ ከ1000 እጅ 925 እጁ ንጹሕ ብር ያልሆነ ዕቃ እንዳይሸጥ አዘዘ፤ ተመርምሮ ለተገኘውም የነብር ራስ የሚባለው ማኅተም ይመታበት ጀመር። ከዚያም በ1363 የሠሪው ምልክት፥ በ1478 ዓመቱን የሚገልጽ ፊደል፥ በ1544 የሚራመድ አንበሳ ተጨመረበት።

ሁለተኛው የባለቤቱ አርማ ነው። በጦርነት ጊዜ ፊቱ በራስ ቁር የተሸፈነው መኰንን በጋሻው ሥዕል ይታወቅ ነበርና፥ ያ ሥዕል ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተ ዘመድ ምልክት ሆነ። በአንድ ጋሻ ላይ የባልና የሚስት አርማ ጎን ለጎን ተቀርጾ ቢገኝ ጋብቻን ያስረዳል። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ሹካና ማንኪያ በማዕድ ላይ ተደፍተው ይቀመጡ ስለ ነበረ፥ አርማው የሚቀረጸው በእጀታቸው ጀርባ ነበር። ጋብቻው ዕቃው ከተሠራበት ዓመት በኋላ የሆነ እንደ ሆነ፥ አርማው ኋላ እንደ ተቀረጸ በዚህ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ምስክር ግን በቀላሉ ይጠፋል። በ1553 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ትእዛዝ የአብያተ ክርስቲያናት የብር ዕቃ ተወረሰ። በ1643 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ለሠራዊቱ ደመወዝ የኦክስፎርድን ኮሌጆች የብር ዕቃ አቅልጦ ገንዘብ አደረገው። ዕቃውን የገዙ ሰዎችም የፊተኛውን ቤተ ዘመድ አርማ ፍቀው የራሳቸውን አስቀረጹ፤ የተፋቀውም ስፍራ ስለሚሳሳ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ነገር ግን ከመኳንንት ማዕድ ወጥቶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ብዙ ጊዜ ድኗል። በሳይረንሴስተር ከተማ ባለችው በመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን፥ በ1535 የተሠራ በወርቅ የተለበጠ የብር ጽዋ አለ። በክዳኑ ጫፍ ላይ የንግሥት አን ቦሊን ምልክት የሆነው ጭልፊት ቆሟል። ንግሥቲቱ በ1536 በሰይፍ ተቀጣች፤ ጽዋው ግን ለልጇ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ደርሶ፥ እርስዋም ለሐኪምዋ ለሪቻርድ ማስተር ሰጥታው፥ እርሱ ለቤተ ክርስቲያኑ እንዳበረከተው ይነገራል። ጭልፊቱ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ የማን እንደ ነበረ ማን ባወቀ?

እንግዲህ የዕቃ ቤት ጠባቂዎች ሆይ፥ አሮጌ ዕቃ ለአንጥረኛ በሚሰጥበት ጊዜ በላዩ ያለው ጽሕፈትና ምልክት እንዳይፋቅ አስቀድማችሁ እዘዙ። ብሩ በሌላ ብር ይተካል፤ የሰጪው መታሰቢያ ግን አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም።