የአዋቂዎች የነርቭ ሕዋስ ልደት እና ትውስታ

የአዋቂዎች የነርቭ ሕዋስ ልደት፣ በሌላ ስሙ ኒውሮጀነሲስ፣ ከልጅነት ካለፉ በኋላ በአንጎል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት የሚፈጠሩበት ሂደት ነው። ከትውስታ ጋር በተያያዘ በብዛት የተጠናው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ በተለይም ዴንቴት ጃይረስ በተባለው ንዑስ ክፍሉ ነው።

የጥናቱ ታሪክ

የአዋቂ አንጎል አዲስ የነርቭ ሕዋስ አያፈራም የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። ጆሴፍ አልትማን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይጦች አንጎል አዳዲስ ሕዋሳት ቢያገኝም ግኝቱ ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒተር ኤሪክሰን፣ ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቻቸው በአዋቂ ሰዎች ሂፖካምፐስም እንዳገኙ አስታወቁ።

ለመለየት

ወጣት ሕዋሳት ከነባሮቹ ይልቅ በቀላሉ ይነቃሉ፤ አዲስ ግንኙነትም ቶሎ ይፈጥራሉ። የአይጥ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት የሕዋሳቱ ልደት ሲገታ እንስሳቱ ተቀራራቢ ቦታዎችን ለመለየት ይቸገራሉ። ሥራውን በሐረር ጀጎል ማስረዳት ይቻላል። በግንቡ ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ፣ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ በመኪና ግርግር የሚያልፍ እንግዳ አንዱን መታጠፊያ ከሌላው ሳያምታታ መመዝገብ አለበት። ሂፖካምፐስ ለዚህ ዓይነቱ ልየታ አስፈላጊ ነው።

ለመርሳት

አዳዲስ ሕዋሳት ነባሩን የግንኙነት መረብ ስለሚለውጡ የቆየ ትውስታን ሊያደበዝዙም ይችላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከትምህርት በኋላ የሕዋስ ልደት የጨመረላቸው አዋቂ አይጦች የተማሩትን እንደረሱ አሳይቷል። በጀጎል ተወልዶ መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሁለት ዓመቱ የሄደበትን ቀን የማያስታውሰው፣ በሕፃንነት የሕዋስ ልደት ፈጣን ስለሆነ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ሐሳብ አቅርበዋል።

በሰው ላይ ያለው ክርክር

በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት በአዋቂ ሰዎች ሂፖካምፐስ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንዳላገኘ ገለጸ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስፔን ተመራማሪዎች እስከ 87 ዓመት በደረሱ ጤነኛ ሰዎች እንዳገኙና በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ቁጥራቸው እንደሚቀንስ አስታወቁ። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከሞት በኋላ የተወሰደው የአንጎል ናሙና የተጠበቀበት መንገድ ነው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሕዋሳቱን በቀጥታ መቁጠር አስቸጋሪ ነው። የለንደን ታክሲ ነጂዎች የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ሰፋ ያለ መሆኑ በ2000 እ.ኤ.አ. ቢታወቅም፣ ይህ ብቻውን አዲስ ሕዋስ ለመወለዱ ማስረጃ አይሆንም። ሩጫ በአይጦች ላይ የሕዋስ ልደትን እንደሚጨምር ተረጋግጧል፤ በሰው ላይ ግን የአካል እንቅስቃሴ ትውስታን የሚያግዘው በዚሁ መንገድ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።