ሰዓት ሳይስማማ ድምፅ አይስማማም፦ የተለያዩ ዲጂታል የድምፅ ኔትወርኮችን ስለማጣመር

ሁለት ዲጂታል የድምፅ ኔትወርኮችን በኤተርኔት ገመድ ማያያዝ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንዱ የላከውን ሌላው ሳያዛንፍ እንዲቀበል ግን ሁለቱም ጊዜን በእኩል ፍጥነት መቁጠር አለባቸው። ይህ ጽሑፍ ዳንቴና ኤኢኤስ67 የተባሉትን ሁለት የድምፅ ኔትወርክ አሠራሮች ግንኙነት በምሳሌነት ወስዶ፣ የኔትወርኮች ጥምረት ከሁሉ በፊት የሰዓት ጥያቄ መሆኑን ያስረዳል።

ዲጂታል ድምፅ በእኩል የጊዜ ርቀት የተወሰዱ ናሙናዎች ተከታታይ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ በየሰከንዱ 48,000 ናሙናዎች ይወሰዳሉ። በየራሳቸው የሰዓት ክሪስታል የሚመሩ ሁለት መሣሪያዎች ፍጥነታቸው ከሚሊዮን በ10 ብቻ ቢለያይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የ1,728 ናሙናዎች ልዩነት ይፈጠራል። ተቀባዩ የተረፈውን ይጥላል ወይም የጎደለውን ባዶ ይተዋል፤ አድማጩም ጠቅታ ይሰማል።

የኢትዮጵያና የምዕራባውያን የሰዓት አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ቋሚ ስለሆነ ግን አስልቶ መገናኘት ይቻላል። ቀጠሮ የሚያፋርሰው በየቀኑ የሚፈጥን ሰዓት ነው። በድምፅ ኔትወርክም ቋሚ መዘግየትን ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ ይችለዋል፤ የፍጥነት ልዩነት ግን ማጠራቀሚያውን ውሎ አድሮ ያትረፈርፈዋል ወይም ያደርቀዋል።

መፍትሔው ፒቲፒ የተባለው የሰዓት ማመሳሰያ ፕሮቶኮል ነው። አንድ መሣሪያ መሪ ሰዓት ሆኖ ይመረጣል፤ ሌሎቹ መልእክት እየተለዋወጡ ከእርሱ ጋር ያላቸውን ልዩነት ያሰላሉ። ችግሩ ፕሮቶኮሉ ከአንድ በላይ ስሪት ያለው መሆኑ ነው። የአውስትራሊያው ኦዲኔት ያበለጸገው ዳንቴ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን የመጀመሪያውን ስሪት ይጠቀማል። ኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ በ2013 ያወጣው ኤኢኤስ67 ደግሞ በ2008ቱ ሁለተኛ ስሪት ይሠራል። ሁለቱ ስሪቶች በቀጥታ አይግባቡም። ስለዚህ የኤኢኤስ67 አሠራር የተከፈተለት የዳንቴ መሣሪያ በመካከል ቆሞ፣ ከአንዱ ወገን የተቀበለውን ሰዓት ለሌላው ያደርሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ የኔትወርኩን ፓኬቶች በሚያስተላልፈው ስዊች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት የቅድሚያ ቁጥር ይይዛል። በዳንቴ 56 ወሳኝ የሰዓት መልእክቶችን፣ 46 ድምፅን ያመለክታል፤ በኤኢኤስ67 ግን 46 የሰዓት፣ 34 የድምፅ ነው። ስለዚህ ለዳንቴ ብቻ በተዘጋጀ ስዊች የኤኢኤስ67 ሰዓት ከዳንቴ ድምፅ ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል። ፒቲፒ የሚያሰላው የመልእክቱ መሄጃና መመለሻ እኩል ጊዜ ይወስዳሉ ብሎ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈጠር ወረፋ ስሌቱን ያበላሸዋል።

ሁለቱ ወገኖች መሪ ሰዓታቸውን መተው የማይችሉበት ሁኔታም አለ። ያኔ ናሙናዎችን እንደ አዲስ የሚያሰላ የናሙና ፍጥነት መለወጫ በድንበሩ ላይ ይቀመጣል። ዋጋው ግን ጥቂት መዘግየትና የመጀመሪያው መረጃ እንዳለ አለመተላለፉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት መጋራት በሚቻልበት ቦታ ሁሉ መለወጫው ሁለተኛ ምርጫ ሊሆን ይገባል።

ኔትወርክ የሚያጣምር ባለሙያ ገመድ ከመሰካቱ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይወስን፦ መሪ ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ፣ እርሱ ቢጠፋ ማን እንደሚተካው፣ ስዊቾቹም ለየትኛው ቁጥር ቅድሚያ እንደሚሰጡ። እነዚህ ሳይወሰኑ የሚሠራ የሚመስል ሥርዓት የሚሠራው ክሪስታሎቹ እስኪራራቁ ድረስ ብቻ ነው።